ከጎባ ሮቤ በሃምሳ ሁለት ደቂቃ ሮጬ በመድረሴ ስለተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ

ቀን፦ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደጋ በር የግብርና ሳይንስ ኮሌጅ
ዲን ጽሕፈት ቤት
ሮቤ

ጉዳዩ፦ ከጎባ ወደ ሮቤ በእግሬ ሮጬ ወደ ሥራ በመግባቴ የተሰጠኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲነሣልኝ፣ የታገደው የማዕረግ እድገቴም እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ዶክተር ፊሊጶስ፣

አመልካች በኮሌጁ የዕፅዋት ጤና ትምህርት ክፍል ረዳት ፕሮፌሰር ስሆን፣ በዞናችን የአትሌቲክስ ክለብ ደግሞ የግማሽ ማራቶን ሯጭ ነኝ። ይህን ከኮሌጁ ደብቄ አላውቅም። ስቀጠር በሞላሁት ቅጽ ላይ «ተጨማሪ ሥራ ካለ ይገለጽ» በሚለው ቦታ «ሩጫ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቅጹን የተቀበሉኝ ሠራተኛ «ይሄ እንኳ ሥራ አይደለም፣ ጤና ነው» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። ያን ጊዜ ባለመከራከሬ ዛሬ ይቆጨኛል።

በደሌን በሚከተለው ሁኔታ አቀርባለሁ።

1. የምኖረው ጎባ፣ ከእናቴ ከወይዘሮ ሸዋርጋ ጋር ነው። ጎባ በሚገኘው የኮሌጁ ችግኝ ቤት፣ ሆን ብለን የዋግ በሽታ ያስያዝናቸው የስንዴ ቡቃያዎች አሉኝ። እነሱን ፀሐይዋ ሳትጠነክር እያየሁ በየቅጠሉ ያለውን ቁስል መቁጠር አለብኝ። ስለዚህ ከጠዋቱ 12፡30 ላይ የጎባው የአሻራ ማሽን ላይ ጣቴን አሳርፌ እገባለሁ፣ 1፡40 ላይ ጣቴን አሳርፌ እወጣለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ሮቤ፣ ዋናው ግቢ አስተምራለሁ። በመካከሉ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር አለ።

2. በመጀመሪያው ዓመት በሚኒባስ ተመላለስኩ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት የጎባ ሚኒባስ የሚነሣው ሲሞላ ነው። ሞልቶ ከተነሣም በኋላ በየመንገዱ እጁን ላነሣ ሁሉ ይቆማል። በዚያ ዓመት ስድስት ጊዜ ተማሪዎቼ በር ላይ ቆመው ጠብቀውኛል። በዚያው ዓመት የክለባችን አሰልጣኝ ወዚር በሳምንት ሦስት ቀን አሥራ አራት ኪሎ ሜትር በውድድር ፍጥነት እንድሮጥ አዘዘኝ። «መቼ ልሩጥ? ጠዋት ቡቃያ አለኝ፣ ከዚያ ክፍል አለኝ» ስለው «መንገዱን ማን ወሰደብሽ?» አለኝ። አሰልጣኝ ወዚር ብዙ አይናገርም፤ ያን ቀን ግን የተናገረው በቂ ነበር።

ከዚያ ጀምሮ እሮጣለሁ። የቅጠል ናሙናዎቼን በትንሽ የማቀዝቀዣ ሣጥን አድርጌ ለሚኒባስ ሾፌሩ ለመሀመድአወል እሰጠዋለሁ። ሮቤ ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ጣቴን አሳርፋለሁ፣ ከዋናው ግቢ ቤተ ሙከራ ጀርባ ባለው ቧንቧ ታጥቤ ልብሴን እቀይራለሁ፣ ከዚያ በር ላይ ወጥቼ ናሙናዎቼን ከመሀመድአወል እቀበላለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሣጥኑ ከእኔ ቀድሞ የደረሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱን ቀን እግሬን አሞኝ ነበር፤ ሌላውን ቀን የወረዳ አስተዳዳሪ ተሳፍረው ስለነበር ሚኒባሱ የትም አልቆመም።

3. ባለፈው መስከረም የኮሌጁ የሰው ሀብት አስተዳደር ዳይሬክተር አቶ ክብሩ የሦስት ወር የአሻራ መዝገብ መረመሩ። በሁለቱ ግቢ የሚሠሩ ሌሎች ሠራተኞች ከጎባ ወጥተው ሮቤ እስኪገቡ በአማካይ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። እኔ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። አቶ ክብሩ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ ስሌታቸውም አንድ ደቂቃ እንኳ አልተሳሳተም። ነገር ግን መኪና እንደሌለኝ በደብዳቤ ካጣሩ በኋላ፣ መኪና የሌለው ሰው ከሚኒባስ ሊቀድም አይችልም ከሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። መስከረም 20 ቀን «አሻራን በሌላ ሰው አማካይነት በማስመዝገብ» ተከስሼ ከዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር፤ ሰብሳቢው አቶ ክብሩ፣ አንድ የሕግ ባለሙያና አንዲት ቃለ ጉባኤ ያዥ። የመጀመሪያው ጥያቄ የአቶ ክብሩ ነበር።

«መንታ አለዎት?»

የለኝም አልኩ። ቢኖረኝም የመንታዎች አሻራ አንድ እንዳልሆነ አስረዳሁ። ስለ ጣት ቆዳ አፈጣጠር ትንሽ ረዘም አድርጌ ሳልናገር አልቀረሁም፤ የመምህርነት ልማድ ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በኋላ ቃለ ጉባኤው ሲደርሰኝ «ተከሳሿ ስለ መንታዎች ሰፊ ዕውቀት ያላቸው መሆኑ ታይቷል፤ መንታ ስለመኖር አለመኖሩ ግን ከቀበሌ ማስረጃ ያቅርቡ» ይላል።

ቀበሌ ሄድኩ። የቀበሌው ጸሐፊ፣ ለተወለደ ሰው እንጂ ላልተወለደ ሰው ማስረጃ የሚሰጥበት ቅጽ እንደሌለው ገለጸልኝ። እናቴ ወይዘሮ ሸዋርጋ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ሮቤ ድረስ መጣች። ከኮሚቴው ፊት ቆማ የተናገረችው በቃለ ጉባኤው ገጽ 4 ላይ እንዳለ ተመዝግቧል፦ «ጌቶቼ፣ ይቺን አንዷን ለማሳደግ ወገቤ ተቆርጧል። ጠዋት ሩጫ ትላለች፣ ማታ መጽሐፍ ትላለች፣ እህል የምትበላው ቆማ ነው። ሁለት ብትሆን ኖሮ እኔ ዛሬ እናንተ ፊት በሕይወት አልቆምም ነበር።» የመንታው ጉዳይ በዚሁ ተዘጋ።

4. ኮሚቴው በመቀጠል የመስክ ማረጋገጫ እንዲደረግ ወሰነ። ማክሰኞ ጥቅምት 5 ቀን እኔ እንደ ወትሮዬ እንድሮጥ፣ ኮሚቴው ደግሞ በተሽከርካሪ እንዲከተለኝ ታዘዘ። የኮሌጁ መኪና የነዳጅ ፈቃዱ ለሐሙስ ስለነበር ኮሚቴው የመሀመድአወልን ሚኒባስ ያዘ።

ልክ 1፡40 ላይ ጣቴን አሳረፍኩና ወጣሁ። ከዚህ በታች ያለው እኔ ያላየሁት ክፍል ነው፤ መሀመድአወል ከነገረኝና ከቃለ ጉባኤው የወሰድኩት ነው። አቶ ክብሩ «በል ንዳ፣ እየሄደች ነው» ሲሉት መሀመድአወል «ሦስት ሰው ናችሁ፣ አልሞላሁም» አለ። አቶ ክብሩ የኮሌጁን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አወጡ። መሀመድአወል ደብዳቤውን በአክብሮት አንብቦ መለሰላቸውና «ጋሼ፣ ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ግን ወንበር ላይ አይቀመጥም» አላቸው። ሚኒባሱ በሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ተነሣ።

በዚያን ሰዓት እኔ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆሜ ነበር። መቆም አልነበረብኝም። መንገድ ዳር የስንዴ ማሳ ያላቸው ሐጂ ኡመር ከሩቅ አይተውኝ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ዶክተር! ቁሚልኝ፣ ስለ አላህ ቁሚልኝ!» እያሉ እጃቸውን አወናጨፉ። ኮሚቴ ሰዓት እየያዘብኝ መሆኑን አውቅ ነበር። ሁለት እርምጃ አለፍኳቸው። ከዚያ እጃቸው ላይ የያዙትን ቅጠል አየሁና ተመለስኩ።

ቢጫ ዋግ ነበር። በቅጠሉ ርዝመት ተሰልፎ በመርፌ የተሰፋ ይመስል ነበር፤ በጣቴ ሳሻሸው ዱቄቱ እንደ እርድ ያዘኝ። ማሳው ውስጥ ገባሁ። በአንድ ጥግ ብቻ ነው የጀመረው። ነፋሱ ወደ ጎረቤት ማሳዎች ይነፍስ ነበር። የመድኃኒቱን ስም ክንዳቸው ላይ በራሳቸው እስክሪብቶ ጻፍኩላቸው፤ እኔም ወረቀት አልነበረኝም፣ እሳቸውም አልያዙም። «ዛሬውኑ ይርጩ፤ ነገ ካሉ የእርስዎ ብቻ አይሆንም፣ የጎረቤትዎም ይሄዳል» አልኳቸው። አራት ደቂቃ ፈጀብኝ። ሮቤ የደረስኩት በሃምሳ ስድስተኛው ደቂቃ ነው።

ሐጂ ኡመር መድኃኒቱን ለመግዛት መንገድ ላይ ቆመው ያስቆሙት የመጀመሪያው ሚኒባስ ኮሚቴው ያለበት ሆነ። የተቀመጡትም ከአቶ ክብሩ ጎን ነው። ክንዳቸውን አሳይተው «ይኼው፣ ዶክተሯ አሁን በእግሯ አልፋ የጻፈችልኝ ነው» አሉ። የሕግ ባለሙያው፣ ሐጂ ኡመር በምስክርነት ያልተጠሩ በመሆናቸው ቃላቸው ሊመዘገብ እንደማይችል አስረዱ። ሐጂ ኡመርም «እኔ መቼ መሰከርኩ? ስንዴዬ ታሞ ነው» አሉ። ኮሚቴው ዋናው ግቢ ሲደርስ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ሆኖ ነበር። እኔ ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ የናሙና ሣጥኔን ለመቀበል በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ተገናኘን።

5. ክቡርነትዎ፣ ነገሩ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ኮሚቴው ግን ለአንድ ወር ያህል ተወያይቶ ኅዳር 10 ቀን የሚከተለውን ወሰነ። አሻራው የራሴ ነው። መንታ የለኝም። የተባለውን ርቀት በተባለው ሰዓት በእግሬ መድረሴ ተረጋግጧል። ይሁንና በሚኒባስ ተቀምጦ የሚጠፋ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ «የሥራ ጉዞ» ሲሆን፣ በሩጫ የሚጠፋ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ግን «የመንግሥትን የሥራ ሰዓት ለግል ስፖርታዊ እንቅስቃሴ ማዋል» ነው። ስለዚህ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ ማዕረግ አያድግም ተብሎም ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ያስገባሁት ማመልከቻ ታገደ። አሥራ አንድ የምርምር ጽሑፎቼ ያሉበት ፋይል መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

ቀልድ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ እንጂ፣ በዚያው ሳምንት ከክለቤም ተገሥጫለሁ። አሰልጣኝ ወዚር የእጅ ሰዓቴን መዝገብ ሲያይ ጥቅምት 5 ቀን ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ አራት ደቂቃ መቆሜን አገኘ። «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። «ዋግ አይቼ» አልኩ። «ልምምድሽን ለግል የምርምር ጉዳይ እያዋልሽው ነው» አለኝ። ለሳምንት ያህል እንቅልፍ አጣሁ። ኮሌጁ ሯጭ ነሽ ብሎ ይቀጣኛል፤ ክለቡ ምሁር ነሽ ብሎ ይቆጣኛል። አንድ ቀን ጠዋት ችግኝ ቤት ቁስል ስቆጥር ሠላሳ ሰባት ላይ ደርሼ ቁጥሩ ጠፋኝ፤ የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ ወይዘሮ ኡሙሰልማ ብዕሩን ከእጄ ወስደው «አንቺ ዛሬ ተቀመጪ፣ እኔ እቆጥራለሁ» አሉኝ። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። ይህን የምጽፈው ርኅራኄ ለማግኘት አይደለም፤ የዚያ ቀን ቆጠራ በእሳቸው ስም መመዝገቡን ለማስታወቅ ነው።

6. ሐጂ ኡመር በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ረጩ። ክንዳቸውን ለጎረቤቶቻቸው እያሳዩ እነሱንም አስረጩ። ባለፈው ሳምንት ኮምባይነር ገብቶ ማሳውን አጭዷል፤ ስንዴው ሙሉ ነው፣ አልሐምዱሊላህ ብለው ደውለውልኛል። ክንዴን ለስምንት ቀን አላጠብኩትም ብለውም ነግረውኛል፤ ይህን ግን በሕክምና በኩል አልደግፈውም። እኔ በዚያ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ብሆን ኖሮ ያን ቅጠል አላየውም ነበር። ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ በግብርና የተመረቁ ናቸው፤ በዚያው ማሳ አጠገብ ሲያልፉ የተመለከቱት ሰዓታቸውን ነበር። ይህን ለወቀሳ አልጻፍኩም፤ በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ቅጠል አያይም።

7. ኅዳር 22 ቀን በተደረገው አገር አቀፍ የግማሽ ማራቶን ውድድር ሁለተኛ ወጣሁ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ፤ ደረጃ የምወርደው ግን በጎን ነበር። ኮሌጁ ፎቶግራፌ ያለበትን «ልዩ ኩራታችን፣ ምሁርና አትሌት» የሚል ትልቅ ባነር በዋናው በር ላይ ሰቅሎልኛል፤ ለዚህም ከልብ አመሰግናለሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬም እንደ ደንቡ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ሰሌዳው ከባነሩ ሥር ነው። አዲስ ተማሪዎች መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ታች አንብበው ወደ ክፍል ሲመጡ ፊቴን በጣም ይመለከቱታል።

ስለሆነም ክቡርነትዎን የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ. የተሰጠኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲነሣልኝ፤

ለ. የማዕረግ እድገት ማመልከቻዬ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ለሚመለከተው ጉባኤ እንዲቀርብልኝ፤

ሐ. በኮሌጁ መመሪያ ውስጥ «የሥራ ጉዞ» የሚለው ቃል በእግር መሄድንም እንዲጨምር፣ ፍጥነቱም ለሠራተኛው እንዲተው፤

መ. ይህ ሁሉ የማይቻል ሆኖ ከተገኘ፣ ከባነሩና ከደብዳቤው አንዱ እንዲወርድልኝ። የትኛው እንደሚወርድ ለጽሕፈት ቤትዎ እተወዋለሁ።

ከመፈረሜ በፊት ግን ማስታወቅ ያለብኝ አንድ ጉዳይ አለ። ይህ አቤቱታ እንደ አሠራሩ መጀመሪያ ለአስተያየት የሚመራው ለአቶ ክብሩ ነው። በእሳቸውና በእኔ መካከል ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የጥቅም ግጭት ሊባል የሚችል ነገር ተፈጥሯል። አቶ ክብሩ ይህን አንቀጽ ባልጽፈው ደስ እንደሚላቸው ነግረውኛል። የጥቅም ግጭት ይገለጽ የሚለውን መመሪያ ያረቀቁት ግን ራሳቸው ስለሆኑ አማራጭ የለኝም።

ከውድድሩ በሦስተኛው ቀን፣ የሻይ ሰዓት ላይ፣ አቶ ክብሩ ብቻቸውን ቢሮዬ መጡ። ተጨማሪ ደብዳቤ የያዙ መስሎኝ ተነሣሁ። ባዶ እጃቸውን ነበሩ። በሩን ዘጉና ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አሉኝ። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለሥራ አይደለም። ኪያ የምትባል ልጅ አለችኝ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። በትምህርቷ ጎበዝ ናት። አሁን በትምህርት ቤቶች ውድድር ሦስት ሺህ ሜትር አሸነፈችና ሯጭ ካልሆንኩ አለች። እውነቱን ንገሪኝ፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ?»

እውነቱን ነገርኳቸው። አይጣጣሙም አልኳቸው። ለታናሽ ወንድሜ ሠርግ አልደረስኩም። የዶክትሬት ጽሑፌን ሦስተኛ ምዕራፍ የጻፍኩት እግሬን በቀዝቃዛ ውኃ ባልዲ ውስጥ ነክሬ ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ አንቀላፍቼ አውቃለሁ። ሙሉ አንድ ዓመት በሁለቱም መካከለኛ ሆኜ ያሳለፍኩበት ጊዜ ነበር፤ የምሸማቀቅበትም እሱ ነው።

«ታዲያ አንዱን ለምን አልተውሽም?» አሉኝ።

«አንዱን ትቼ አይቼዋለሁ» አልኳቸው። «ጉልበቴን ተጎድቼ ሁለት ወር መሮጥ ባቆምኩ ጊዜ ጊዜ ሞልቶኝ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ አንድ ገጽ አልጻፍኩም።»

አቶ ክብሩ ጎንበስ ብለው «የመሮጫ ጫማዋን ወስጄባታለሁ» አሉኝ። «ቤት ብደብቀው ታገኘዋለች ብዬ ቢሮዬ አምጥቼ የዲሲፕሊን ፋይሎች ካቢኔ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ከአንቺ ፋይል ጎን ነው።» ልሣቅ አልሣቅ ቸገረኝ። እሳቸው ግን አልሣቁም፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ሲወጡም በር ላይ ቆም ብለው፣ የራሳቸውን ውሳኔ ራሳቸው መሻር እንደማይችሉ፣ ለክቡርነትዎ አቤቱታ ብጽፍ ግን መብቴ እንደሆነ፣ ከጻፍኩም ደቂቃዎቹን እንዳልሳሳት መከሩኝ።

ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች ከሮቤ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ከኪያ ጋር ልምምድ ሠርቻለሁ። ጫማዋን አድርጋ ነው የመጣችው። ቅዳሜ በመሆኑ የመንግሥት የሥራ ሰዓት አልተነካም። በእረፍታችን የሥነ ሕይወት ጥያቄዎቿን እየሠራን ነው፤ ይህም በአሰልጣኝ ወዚር ዘንድ እስካሁን አልታወቀም። አቶ ክብሩ ከሜዳው ዳር ኮታቸውን ለብሰው ቆመው ሰዓት ይይዛሉ። ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻው ዙር ላይ ኪያ ከኋላዬ ስትቀር፣ ኮታቸውን ጥለው በሜዳው ዳር አብረውን እየሮጡ «ፍጠኚ ልጄ! ፍጠኚ!» እያሉ ሲጮኹ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አቤቱታዬን በትዕግሥት ስለሚመለከቱልኝ እያመሰገንኩ፣ ከታላቅ የአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ዶ/ር አዜብ ፍቅረየሱስ
ረዳት ፕሮፌሰር፣ የዕፅዋት ጤና ትምህርት ክፍል